የገብስ ጠላ ጠመቃና የጠማቂዋ ሒሳብ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ምግብ አዘገጃጀትና ስለ ቤት ወጪ ብዙ ጊዜ ተወያይተናል። ዛሬ ደግሞ በየጓዳችን ጥግ ስላለው ጋን እንወያይ። ጠላ በሠርግ፣ በክርስትና፣ በማኅበርና በደቦ የሚቀርብ መጠጥ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ከጣሳው በስተጀርባ ያለውን የእናቶች ድካም፣ የአጠማመቁን ምክንያትና ለጠማቂዋ የሚተርፈውን ጥቅም በወጉ አስልተን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ወደ መካነ ሰላም ያደረግሁት ጉዞ ነው። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው አቀስታን አልፎ፣ የለጋምቦን ብርዳማ ደጋ ተሻግሮ የቦረና ወረዳ ከተማ ወደሆነችው መካነ ሰላም ይደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ደጋው የገብስ አገር ነው፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ማሽላና ጤፍ ይበዛል። በዚህም ምክንያት የአንዱ ሰፈር ጠላ ከሌላው በመልክም በጣዕምም ይለያል። የደጋዋ እመቤት ገብሷን ትጠምቃለች፤ የቆላዋም ማሽላዋን።

ጠላ ቤቱን ለመለየት እንግዳ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም። በበሩ ላይ በተተከለ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ካየ ጠላ አለ ማለት ነው። ወሎ ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሐዘንም በደስታም የሚገናኝበት አገር ስለሆነ፣ ድግስ ያለባት እመቤት ጠላውን ስትጠምቅ ለሙስሊም ጎረቤቶቿ ቀሪቦ ወይም ብርዝ ለብቻ በንጹሕ ዕቃ ማዘጋጀቷን አትረሳም። ይህ ማንም ያላዘዘው፣ እናቶች ራሳቸው የሚጠብቁት ሥርዓት ነው።

በከተማዋ ያነጋገርኋቸው አንዲት እናት ዕድሜያቸው በአርባዎቹ አጋማሽ ይሆናል። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት በጠላ ነው። በሳምንት ሁለት ጋን ይጠምቃሉ።

«እትዬ፣ ከአንድ ጋን ምን ያህል ይተርፍዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! ልጆቼ ጦማቸውን አላደሩም። ትርፌ እሱ ነው» አሉኝ።

ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ትልቋ ልጃቸው ግን ይህ መልስ አላጠገባትም። በትምህርት ቤት ደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ መሥመር አስምራ የእናቷን ወጪና ገቢ መጻፍ ጀመረች። ገብሱን፣ ጌሾውን፣ ማገዶውንና የወፍጮውን ክፍያ በየተራ ከመዘገበች በኋላ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ያንቺን ድካምስ በስንት ልጻፈው?» አለቻት። እናትየዋም እኔም ለጊዜው መልስ አጣን። ይህ ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን ግን አጠማመቁን እንይ።

ጋኑ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጠላ የሚሆነው በአራት ነገሮች ነው፤ እነሱም እህል፣ ብቅል፣ ጌሾና ውሃ ናቸው። እህሉ ስታርች አለው፤ ነገር ግን ስታርች እንዳለ ሆኖ አይፈላም። ገብሱ ተዘፍዝፎ ሲበቅል በውስጡ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይፈጠራሉ። ብቅል የምንጨምረው ስለዚህ ነው። ከዚያም በዓይን የማይታየው እርሾ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ጋኑ ሲንሾካሾክና ሲያረፋ የምንሰማው ይህንኑ ነው። እርሾውን ከሱቅ አንገዛውም፤ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ግድግዳ ይመጣል። ጌሾው ደግሞ ምሬት ይሰጣል፤ መጠጡን የሚያበላሹ ተሐዋስያንንም ይከላከላል።

የጠላ ቅራሪ የሚባለውንም እንዳንረሳ። ጠላው ከተጠለለ በኋላ በቀረው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭን መጠጥ ነው። አልኮሉ ከዋናው ጠላ ያነሰ ቢሆንም ጨርሶ የለውም ማለት አይደለም። የመጨረሻው አተላ ለከብት ይሰጣል። ከጋኑ የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

የጀርመኖቹ ቀላል ቢራና የእኛ ጠላ

ቢራ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ፋብሪካን ነው። በአገራችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። የአውሮፓ ቢራ ግን ከፋብሪካ በፊት እንደ እኛው ጠላ የጓዳ ሥራ ነበር፤ ጠማቂዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ጌሾ ለእኛ የሚሰጠውን አገልግሎት ለእነርሱ የሚሰጠው ሆፕስ የተባለው ተክል ነው። የሆፕስ ምሬት መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ በጽሑፍ ካስታወቁት ቀደምት ሰዎች አንዷም ሴት ነች። ይህች ሴት እ.ኤ.አ. ከ1098 እስከ 1179 የኖረችው ጀርመናዊቷ መነኩሴ የቢንገኗ ሂልደጋርድ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1516 በባቫሪያ የወጣ ደንብ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በስተቀር ሌላ እንዳይገባበት አዘዘ። በደንቡ ውስጥ እርሾ አልተጠቀሰም፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የእርሾን ሥራ የሚያውቅ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ያደረገውን ጥናት በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። የእኛም አያቶች የእርሾን ስም ሳያውቁ፣ ጋናቸውን አጥነው እርሾውን በወጉ ያሠሩት ነበር።

ከጀርመን ቢራዎች አንዱ በኮሎኝ ከተማ የሚጠመቀው ኮልሽ የተባለው ነው። መልኩ ወርቃማ፣ ጣዕሙ ቀለል ያለ፣ የአልኮል መጠኑም አምስት በመቶ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የከተማዋ ጠማቂዎች ስሙንና አሠራሩን ለመጠበቅ ስምምነት ተፈራርመዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳው 0.2 ሊትር በምትይዝ ቀጭን ብርጭቆ ነው። አሠራሩ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ብዙ በማይሞቅ ስፍራ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲፈላ ይደረጋል፤ ቀጥሎ በብርድ ውስጥ ይቀመጥና ይጠላል። እንደ ቦረናና ሳይንት ባለው ደጋ ጓዳው በተፈጥሮው ቀዝቃዛ ነው። ጠላው ቀስ ብሎ ቢፈላ እመቤቲቱ መበሳጨት የለባትም፤ የዘገየው ጠላ ብዙ ጊዜ ጣዕሙ የተስተካከለ ነው።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ጀርመኖቹ የብቅሉን ውሃ ከሆፕስ ጋር አፍልተው ነው እርሾ የሚጨምሩበት። ስለዚህ በውሃው ያለ ጀርም ይሞታል። እኛ ግን በመጨረሻ የምንሞላውን ውሃ አፍልተን የማቀዝቀዝ ልማድ የለንም። በመሆኑም ጠላችን ንጹሕ የሚሆነው ውሃችን ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። «ጌሾ ሁሉን ያጸዳል» ብሎ የወንዝ ውሃ መሙላት ራስን ማታለል ነው።

ለቤት የሚሆን ቀጭን የገብስ ጠላ

ከዚህ በታች ያለው ልክ 20 ሊትር ያህል ቀጭን ጠላ ለምትፈልግ ቤተሰብ ነው። የሚያስፈልጉት 4 ኪሎ የገብስ ዱቄት፣ 1 ኪሎ የገብስ ብቅል፣ ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና 23 ሊትር ያህል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ናቸው። ለሠራተኛ እናት እንዲመች ቀኑን እንዲህ ከፋፍለነዋል።

ቅዳሜ፦ ጋኑን በግራዋ ቅጠልና በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ሲደርቅ በወይራ እንጨት አጥኑት። ከዚያ ጌሾውንና አንድ እፍኝ ብቅል በ5 ሊትር ውሃ በጥብጡና ከድናችሁ አስቀምጡ። ይህ ጥንስሱ ነው።

ማክሰኞ ማታ፦ የገብሱን ዱቄት አቡክታችሁ በምጣድ ወፈር ያለ ቂጣ ጋግሩ። ጥቁር ጠላ የሚፈልግ ሰው እህሉን እስኪጠቁር ይቆላዋል፤ ወርቃማ መልክ ያለው ቀላል ጠላ የሚፈልግ ግን ቂጣውን እንዳያሳርር መጠንቀቅ አለበት። የኮሎኙም ቢራ ወርቃማ የሆነው ብቅሉ በረጋ ሙቀት ስለሚደርቅ ነው። ቂጣው እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ከቀዘቀዘ በኋላ ፈርፍራችሁ ከቀረው የተፈጨ ብቅል ጋር ጥንስሱ ላይ ጨምሩ። በትኩሱ ከጨመራችሁት ሙቀቱ የብቅሉን ኃይል ያጠፋል፤ እርሾውንም ይገድላል። ድፍድፉ በጣም ከደረቀ ትንሽ ውሃ ጨምሩ፤ በየቀኑም በንጹሕ ማማሰያ አንድ ጊዜ አማስሉት።

ዓርብ ማታ፦ የቀረውን ውሃ ሙሉበት፤ አፉንም ከድኑት። እሑድ ጠላው ይደርሳል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ ቀዝቃዛ ስፍራ ካዋላችሁት የበለጠ ይጠራል። በደጋ አገር ያላችሁ አንባቢያን በየደረጃው አንድ ቀን ጨምሩ። ጠላው በአየር ብዛት ስለሚኮመጥጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊጠጣ የሚችለውን ያህል ብቻ መጥመቅ ይበጃል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

አንደኛ፣ የሻገተ ገብስ ወይም ብቅል ለጠላ አይሁን። «ሲጋገር ይጠፋል» የሚባለው ልክ አይደለም። ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በምጣድ ሙቀት ተጠራርጎ አይጠፋም። ብቅል በምታበቅሉበት ጊዜ በቅጠል ሸፍናችሁ ብዙ ቀን አትርሱት፤ ቡቃያው እንደወጣ በፀሐይ አድርቁት።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ብዙ እናቶች ጋኑን ትተው ፕላስቲክ በርሜል ይዘዋል። ቀለም፣ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን በርሜል በምንም ዓይነት እጥበት ለመጠጥ ማዋል አይገባም። ለምግብ ተብሎ የተሠራውን ብቻ ተጠቀሙ።

ሦስተኛ፣ ገና እየፈላ ያለውን ጠላ በጠርሙስ ወይም በጄሪካን ሞልታችሁ አጥብቃችሁ አትክደኑ። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። በተለይ ጠርሙስ ሲፈነዳ ዓይን ያጠፋል።

አራተኛ፣ የቂጣው ጭስ የእናትንም የሕፃንንም ሳንባ ይጎዳል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖርም መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ሕፃናት ከጓዳው ርቀው ይጋገር።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ ጠላ የትልቅ ሰው መጠጥ ነው። የአልኮሉ መጠን እንደ አጠማመቁ ቢለያይም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። «ቅራሪ ምን አለበት» ብሎ ለሕፃን መስጠት ከድሮ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ለልጅ በሶ ወይም ያልፈላ ብርዝ መስጠት ይቻላል። ነፍሰ ጡር እናትም ጨርሶ ብትተወው ለጽንሱ ይበጃል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2023 ከአልኮል መጠጥ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ይህን የምጽፈው ጠማቂዋን ለመውቀስ አይደለም። መጠጡን የምታውቀው እርሷ ስለሆነች ልኩንም ቀድማ ልታውቅ የሚገባት እርሷ ስለሆነች ነው።

የድካም ዋጋ

አሁን ወደ መካነ ሰላሟ ተማሪ ጥያቄ እንመለስ። ልጅቷ ለአንድ ወር የጻፈችውን ሒሳብ ከእናቷ ጋር ቁጭ ብለን ስናየው ሦስት ነገሮች ወጡ።

መጀመሪያ የታየው ዱቤው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጋን 60 ጣሳ ቢወጣውና 12ቱ በዱቤ ቢሄድ፣ ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ገና ገንዘብ አልሆነም ማለት ነው። እናትየዋ ዱቤውን በቃል ብቻ ይይዙት ስለነበር ከፊሉን ራሳቸውም ረስተውታል፤ ጠጪውም አላስታወሳቸውም።

ሁለተኛው ነገር የሁለተኛው ጋን ጉዳይ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ የሚቀረው ጠላ እየኮመጠጠ ስለሚደፋ፣ የሁለተኛው ጋን ገቢ የገብሱንና የማገዶውን ወጪ ከሸፈነ በኋላ የሚያተርፈው ኢምንት ሆኖ ተገኘ። ሌሊት የተነሡለት፣ ውሃ የተሸከሙለት፣ ጭስ የታጠኑለት ጋን ለካ የሚሠራው በነጻ ነበር።

ሦስተኛው ነገር በብር የማይጻፍ ነው። በገበያ ቀን ጠጪው ሲበዛ ልጅቷ ከትምህርት ቤት እየቀረች ጣሳ ታመላልስ ነበር። በደብተሯ ላይ የቀረችባቸውን ቀኖች በቀይ እርሳስ አክብባ ነበር። እናቷ ማንበብ ባይችሉም ቀይ ክቦቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩ። ዘጠኝ ነበሩ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። እኔም የምለው ጠፍቶኝ አንገቴን ደፋሁ። በመጨረሻ ልጃቸውን ትከሻዋን ያዝ አድርገው፣ «አብሽሪ፤ ከእንግዲህ ጣሳውን እኔ እይዛለሁ። አንቺ እርሳስሽን ያዢ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት የሚጠምቁት አንድ ጋን ብቻ ነው፤ እሱንም ገበያ በሚውልበት ቀን እንዲደርስ አድርገው ይጠነስሱታል። ዱቤው በደብተር ይጻፋል። አተላውን በነጻ ይወስድ የነበረው ባለ ከብት አሁን ይከፍልበታል። ሀብታም አልሆኑም፤ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ነገር ግን አንዱን ጋን በመተዋቸው የቀነሰባቸው ገንዘብ ትንሽ፣ ያተረፉት እንቅልፍና የልጃቸው የትምህርት ቀን ግን ብዙ ነው።

እናንተም ጠላ የምትሸጡም ሆናችሁ እንጀራ ወይም ዳቦ ጋግራችሁ የምታድሩ እኅቶች ይህን ሞክሩ። የአንድ ደብተር ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ ወገን ወጪውን ጻፉ፤ እህል፣ ብቅል፣ ጌሾ፣ ማገዶ፣ ውሃና ወፍጮ። ከሥር የሠራችሁበትን ሰዓት ጨምሩ፤ በሰፈራችሁ አንዲት የቀን ሠራተኛ ለዚያን ያህል ሰዓት የሚከፈላትን አስባችሁ ዋጋ ስጡት። በሌላው ወገን ገቢውን፣ ዱቤውን ለብቻ፣ አተላውንም ለብቻ ጻፉ። ማንበብና መጻፍ ለማትችል እናት ልጇ ወይም ጎረቤቷ ይጻፍላት። ከወሩ መጨረሻ ወጪው ከገቢው ከበለጠ እየሸጣችሁ ያላችሁት ጠላውን ሳይሆን ጉልበታችሁን ነው።

ለቤታችሁ ብቻ የምትጠምቁ የከተማ እናቶችም ሰዓቱን ብትጽፉት አይከፋም። ከቢሮ ወይም ከፋብሪካ ተመልሳ ለበዓል የምትጠምቅ ሴት ድካሟ በግልጽ ሲታይ፣ ጌሾ መውቀጡን፣ ውሃ መቅዳቱንና ጋን ማጠቡን ባልም ወንድ ልጅም ሊካፈሉት የሚገባ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ጠላውን ለመጠጣት የሚዘረጋ እጅ ሙቀጫውንም ለማንሣት አያንስም።

የዚያች ተማሪ ጥያቄ አሁንም በጆሮዬ አለ። የእናት ድካም በስንት ይጻፍ? ትክክለኛውን ዋጋ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ቢሆንም ከባዶ ቦታ ይልቅ አንድ ቁጥር ተጽፎበት ቢታይ ይሻላል።